ሰር ሄንሪ ዴልና የፍቅር ሆርሞን

ዛሬ በተለምዶ የፍቅር ሆርሞን እየተባለ የሚጠራው ኦክሲቶሲን እንዲታወቅ በር የከፈቱት የፊዚዮሎጂ ሊቅ ሰር ሄንሪ ዴል፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1875 በለንደን ከተማ ተወለዱ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ በ1904 በዌልካም የፊዚዮሎጂ ምርምር ላቦራቶሪ ሥራ ያዙ፤ በዚያው ዓመትም የቅርብ ዘመዳቸውን ኤለን ሃሌትን አገቡ።

በላቦራቶሪው የተሰጣቸው ሥራ ፍቅርን የሚመለከት አልነበረም። ኤርጎት የተባለውንና በእህል ላይ የሚበቅለውን ሻጋታ ጠባይ እንዲያጠኑ ነበር የታዘዙት። በዚሁ ጥናት ላይ ሳሉ፣ በአንጎል ሥር ከሚገኘው የፒቱታሪ ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ የድመትን ማሕፀን እንደሚያኮማትር ተመለከቱ፤ ውጤቱንም በ1906 አሳተሙ። ብዙም ሳይቆይ ሐኪሞች ይህን ፈሳሽ ለወላዶች መርጃ አዋሉት። በውስጡ ያለው ንጥረ ነገርም ከግሪክ ቋንቋ ፈጣን መውለድ የሚል ትርጉም ያለው ስያሜ አገኘ።

ዴል ከዚያ በኋላ ነርቭ መልእክቱን በኬሚካል አማካይነት እንደሚያስተላልፍ በማጥናት በ1936 ከኦቶ ሌቪ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ከ1940 እስከ 1945 የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆነው አገለገሉ። በ1968፣ በ93 ዓመታቸው ዐረፉ።

የፍቅር ሆርሞን የሚለው ስም የመጣው ከእርሳቸው ሞት በኋላ ነው። በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች የሚኖር፣ ተባዕቱና እንስቷ ተጣምረው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ፕሬይሪ ቮል የተባለ አይጥ መሰል እንስሳ አለ። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ኦክሲቶሲን በእንስቷ አንጎል ውስጥ ሲጨመር ከአንድ ተባዕት ጋር ፈጥና እንደምትጣመር አሳዩ። በተባዕቱ በኩል ደግሞ ቫሶፕረሲን የተባለው ተመሳሳይ ሆርሞን ተጠቀሰ። ከዚህም በመነሣት የሰው ልጅ ታማኝነት በሆርሞን የተወሰነ ነው የሚል ወሬ በየቦታው ተሰማ።

ነገር ግን በ2023 የታተመ ጥናት የኦክሲቶሲን ተቀባይ የሌላቸው ቮሎችም እንደ ሌሎቹ ሁሉ እንደሚጣመሩ አረጋገጠ። አንድ ክፍሉ ተነቅሎ ሥራውን የሚቀጥል መኪና ሸክሙን የሚጋሩ ሌሎች ክፍሎች እንዳሉት ግልጽ ነው። በዚያ ላይ ተጣምረው የሚኖሩት ቮሎች እንኳ አልፎ አልፎ ከሌላ ጋር ይገናኛሉ፤ አብሮ መኖርና ታማኝነት በእንስሳትም ዘንድ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ የትዳር ቃል ኪዳን ጠባቂም ሆነ አፍራሽ ከሆርሞኑ ጀርባ ሊጠለል አይችልም። ዴል በ1906 የጻፉት ስለ ማሕፀን መኮማተር ብቻ ነበር፤ ማስረጃው እስከዚያ ድረስ ነበርና።