ግሪጎሪ ፒንከስና የጥንቸል እንቁላሎች

ፒንከስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የወሊድ መከላከያውን ክኒን ነው። በ1960 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) የአሜሪካ መንግሥት የፈቀደው ክኒን በእርግጥም ከእርሱ ምርምር የተገኘ ነው። እኛ ግን ልናወሳ የፈለግነው ከጥንቸል እንቁላል ጋር ይታገል የነበረውን ወጣቱን ፒንከስን ነው።

በ1903 በኒው ጀርሲ፣ ዉድባይን በምትባል የአይሁድ ስደተኞች የእርሻ መንደር ተወለደ። ኮርኔል ተማረ፤ በ1927 ከሐርቫርድ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀብሎ ቆይቶም እዚያው መምህር ሆነ። በ1934 ከባልደረባው ከኤንዝማን ጋር የጥንቸልን እንቁላልና የወንዱን ዘር በብርጭቆ ዕቃ አገናኝቶ ወደ ሌላ ሴት ጥንቸል አሻገረና ልጆች ተወለዱ። ቀጥሎም ያለ ወንድ ዘር፣ በሙቀትና በጨው ውኃ ብቻ እንቁላልን ማስነሣት ይቻላል አለ። ጋዜጦች ይህን ሲሰሙ ጊዜ ሰው በጠርሙስ የሚፈለፈልበትን፣ በ1932 የታተመውን የአልደስ ሀክስሊን ልብ ወለድ እየጠቀሱ አስፈሪ ሰው አስመሰሉት። (ልብ ወለድ ለማንበብ የተመደብን ተማሪዎች በዚህ ትንሽ ማፈራችን አልቀረም።) ሐርቫርድም ቋሚ ሹመት ከለከለው፤ ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

እኛን የሚከነክነን ግን የተጎዳው በጫጫታው እንጂ በስሕተቱ አለመሆኑ ነው። ስሕተትስ ነበረ። ፅንስ ከማሕፀን ግድግዳ ጋር እስኪጣበቅ ድረስ እየተከፋፈለ የሚኖረው በዙሪያው ባለው ፈሳሽ ነው። ጨዉ፣ ምግቡ ወይም ሙቀቱ ሲዛነፍ ዕድገቱ ይቆማል፤ አንዳንዴም ያደገ ይመስልና ማሕፀን ሳይዘው ይቀራል። በፒንከስ ጊዜ ይህ ፈሳሽ ገና በግምት የሚዘጋጅ ነበር። ዊተን የተባለ አውስትራሊያዊ ልኩ የታወቀ የጨው ውኃ አዘጋጅቶ፣ ስምንት ሕዋስ የሆነውን የአይጥ ፅንስ ለመጣበቅ እስከሚደርስበት ደረጃ ያሳደገው በ1956 ነው። በ1958 ደግሞ አን ማክላረንና ጆን ቢገርስ በዚህ መንገድ ያደጉ ፅንሶችን ወደ ማሕፀን መልሰው ሕያው አይጦች አስወለዱ።

ፒንከስ ከሐርቫርድ ሲወጣ ወዳጁ ሆግላንድ ዎርስተር ከተማ ወዳለው ወደ ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ጠራው። በ1944 ሁለቱ ሆነው የራሳቸውን የምርምር ድርጅት አቋቋሙ። በሚቀጥለው ዓመት ቻንግ የሚባል ቻይናዊ ቀጠሩ። የሚገርመው ጌታውን ያሳጣው ይኸው ሰው ነው! በ1951 ቻንግ የወንዱ ዘር በሴቲቱ አካል ውስጥ ጥቂት ሰዓት ካልቆየ እንቁላሉን ሊያዳብር እንደማይችል አሳየ። እንግዲያው የ1934ቶቹ ጥንቸሎች የተፀነሱት በብርጭቆው ውስጥ ሳይሆን ምናልባት ከተሻገሩ በኋላ ነው። በ1959 ቻንግ ይህን ቅድመ ሁኔታ አሟልቶ በብርጭቆ የተፀነሱ ጥንቸሎችን አስወለደ። ፒንከስ አላባረረውም፤ ይህን በጣም እናደንቅለታለን።

ሌላም አለ። የሰው እንቁላል ከእንቁልጢ ወጥቶ በ12 ሰዓት ይበስላል ብሎ በ1939 ጽፎ ነበር። እንግሊዛዊው ሮበርት ኤድዋርድስ ይህን አምኖ በ12ኛው ሰዓት ቢያይ፣ ደጋግሞ ቢያይ ምንም አላገኘም። በመጨረሻ ዝም ብሎ ቢጠብቅ 36 ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሆኖ ተገኘ፤ ይህንንም በ1965 አሳተመ። ፒንከስ በ1967 በቦስተን በ64 ዓመቱ ሞተ። በብርጭቆ ዕቃ የተፀነሰችው የመጀመሪያዋ ልጅ የተወለደችው በ1978 ነው።