የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወትና ጉዳቶቹ

ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አለ ለማለት ያስቸግራል። ነገር ግን የብዙዎቻችን ዕውቀት በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አያልፍም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለመናገር የፈለግሁት ይልቁንም አካሉ በታመመና በተጎዳ ጊዜ ስላደረገው ነገር ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በሚባል መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ከብት እየጠበቀና ገና እየተጫወተ አደገ፤ ኋላም አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ በወታደርነት ተቀጠረ። በዚያም የስዊድኑ ሰው ኦኒ ኒስካነን አሠለጠነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ይኸውም በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ምሽት፣ በሮማ የማራቶንን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጽሞ የወርቅ ሜዳልያ ተቀበለ። ከአክሱም ተወስዶ በዚያ ቆሞ በነበረው ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ከሞሮኮው ሯጭ ከራዲ ተለይቶ መሄዱን ሳስብ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ከአራት ዓመት በኋላ ለቶኪዮ ሲዘጋጅ፣ ውድድሩ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ ትርፍ አንጀቱ ታሞ በልምምድ ላይ ሳለ ወደቀ። ወዲያውም በሐኪም ቤት ሆዱ ተቀደደ። ቍስሉ በቅጡ ሳይጠና ሌሊት በሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ሶምሶማ ይሮጥ ጀመር ይባላል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሮጦ አሸነፈ፤ ሁለተኛው ሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ገባ። አበበ ግን የደከመ አይመስልም ነበርና በሣሩ ላይ ሆኖ አካሉን ያፍታታ ነበር። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ ከዓለም የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

ባለፈው ዓመት እኔ ጉልበቴን በልምምድ ላይ በተጎዳሁ ጊዜ ሊያጽናናኝ የመጣ ሰው ሁሉ ይህንኑ የቶኪዮ ታሪክ ይዞ መጣ። አጎቴማ አበበ ሆዱ ተቀድዶ ከሮጠ አንተ ለምን ከማንጎው ሥር ትቀመጣለህ እያለ ያስጨንቀኝ ነበር። እዚህ ካማሺ ፀሐዩ ሳይበረታ ጓደኞቼ በማለዳ ሲሮጡ እኔ ሰዓት እይዝላቸው ነበርና ነገሩ ያሳዝነኝ ነበር። ይሁን እንጂ የሆድ ቍስልና የእግር ጉዳት አንድ አይደሉም። ሯጭ የሚሮጥበት እግር ራሱ ሲጎዳ፣ ቸኩሎ የተነሣ ሰው ጉዳቱን ያብሰዋል እንጂ አያድነውም።

ለዚህም ምስክሩ አበበ ራሱ ነው። በ1959 ዓ.ም. እግሩን ታመመና ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው ሊሆን አልቻለም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ብርታት አንሶት ነው የሚል ቢኖር ታሪኩን አያውቅም። ድሉን ማሞ ወልዴ ለአገሩ አመጣው።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ሌሊት አበበ የሚነዳት ፎልክስዋገን ተገልብጣ አከርካሪው ተጎዳ። ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንድቪል ወደሚባለው ሐኪም ቤት ተወሰደ። በመጀመሪያ አንገቱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር፤ ስምንት ወር ያህል ታክሞ እጆቹ ዳኑ፣ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በዚያ ሐኪም ቤት ዶክተር ጉትማን የሚባሉ ሰው በጦርነት የቆሰሉትን ወታደሮች በስፖርት ያክሙ ነበር። በ1940 ዓ.ም. የጀመሩት የቀስት ውድድርም አድጎ በ1953 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ አበበ ካሸነፈ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ በዚያችው በሮማ ከተማ በተሽከርካሪ ወንበር የሚቀመጡ ስፖርተኞች ተወዳድረው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ አበበም ከነርሱ እንደ አንዱ ሆኖ በእንግሊዝ አገር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ተጠርቶ ሄዶ ሳለ፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ተወዳድሮ 16 ሰዎችን ቀደመ።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ከቶኪዮው ይልቅ ይህ የኖርዌዩ ይበልጣል። በቶኪዮ ወደሚያውቀው ሥራ ተመለሰ፤ በኖርዌይ ግን በረዶና ውሻ ከማያውቅበት ስፖርት እንደ ጀማሪ ገባ። እኔ አሁን ሁለት ደቂቃ ሮጬ ሦስት ደቂቃ እራመዳለሁ፤ ጉልበቴ እንደ ቀድሞው ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም። አጎቴም ይህን የኖርዌይ ነገር ከነገርሁት ወዲህ ዝም ብሏል።

አበበ በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በወንበሩ ተቀምጦ በስታዲየሙ ሲታይ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በአዲስ አበባ ዐረፈ፤ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብም ሸኝቶት በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።