ጦር ያልነበረው ንጉሠ ነገሥት

በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ የታወቁ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ማንበብ የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጻፍላቸውም አገር ያቀኑ፣ ጠላት ድል ያደረጉ፣ ወይም አዲስ ነገር ፈልስፈው ለሰው ልጅ ያበረከቱ ናቸው። እኔ ዛሬ የማወራላችሁ ሰው ግን አገር አላቀናም፤ ጦር አልመራም፤ የፈለሰፈውም ነገር የለም። በአንድ ትልቅ ከተማ ጎዳና ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ንጉሠ ነገሥት ነኝ እያለ ሲመላለስ ኖሮ እዚያው ጎዳና ላይ ወድቆ የሞተ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ለምን እንደ መረጥሁ በመጨረሻ እገልጻለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ጆሹዋ ኖርተን በ1818 ዓ.ም. ገደማ በእንግሊዝ አገር በለንደን አጠገብ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ በ1820 ዓ.ም. ወላጆቹ ከሌሎች እንግሊዛውያን ጋራ በመርከብ ተሳፍረው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገሩ። ስለዚህ ልጅነቱንና የወጣትነት ዘመኑን ያሳለፈው በዚሁ በእኛ ክፍለ ዓለም በአፍሪካ ነው። ንግድንም የተማረው እዚያው ነው። በኋላም ዕድሉን በሌላ አገር ለመሞከር አስቦ ወጣ።

በዚያን ጊዜ፣ ማለት በ1848 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ በካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኝቶ ነበርና ከየአገሩ ሕዝብ ይጎርፍ ጀመር። ሳን ፍራንሲስኮ የምትባለው የባሕር በር አንድ ሺሕ ያህል ሕዝብ ብቻ የነበረባት መንደር ስትሆን በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 25,000 የሚጠጋ ሕዝብ ሞላባት። ኖርተንም በ1849 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ እዚያ ደረሰ። እርሱ ግን እንደ ሌሎቹ ወርቅ ቁፋሮ አልሄደም። ወርቅ ቆፋሪው የሚበላውና የሚለብሰው ነገር እንደሚያስፈልገው ተመልክቶ ሸቀጥ ይነግድ፣ መሬትም ይገዛ ጀመር። በሦስት ዓመት ውስጥ በከተማው ከታወቁት ነጋዴዎች አንዱ ለመሆን በቃ።

የሰው ዕድል ግን እንደ ቀትር ጥላ ቶሎ ይዞራል። በ1852 ዓ.ም. መጨረሻ በቻይና ረኃብ ስለ ገባ የዚያ አገር መንግሥት ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ። በሳን ፍራንሲስኮም አንድ ፓውንድ ሩዝ በ4 ሣንቲም ይሸጥ የነበረው ወደ 36 ሣንቲም ወጣ። በዚህ ጊዜ ከፔሩ የመጣች አንዲት መርከብ 200,000 ፓውንድ፣ በእኛ ሚዛን 900 ኩንታል የሚያህል ሩዝ ጭና ወደብ ላይ ቆማ ነበር። ኖርተን ያንን ሁሉ ሩዝ በ25,000 ዶላር ለመግዛት ተዋዋለና ቀብድ ከፈለ። በከተማው ያለውን ሩዝ ሁሉ ብቻውን ይዞ በፈለገው ዋጋ ሊሸጥ አስቦ ነበር። ነገር ግን ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ሌሎች መርከቦች ከዚያው ከፔሩ ሩዝ ጭነው ተከታትለው ገቡ፤ የአንዱ ፓውንድ ዋጋም ወደ 3 ሣንቲም ወረደ።

ኖርተን የመጣልኝ ሩዝ እንደ ናሙናው አይደለም፣ ውሉ ይፍረስልኝ ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት እየተላለፈ እስከ ካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1854 ዓ.ም. ተፈረደበት። ቤቱና መሬቱ በዕዳ ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶም መክሠሩን በሕግ ፊት አስታወቀ። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ትናንት በግብዣው ላይ ይቀመጡ የነበሩት ሁሉ ዛሬ መንገድ ይለውጡበት ጀመር። አሳቡም ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

መስከረም 17 ቀን 1859 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ በሚታተም አንድ የማታ ጋዜጣ ላይ እንግዳ የሆነ አዋጅ ወጣ። ጆሹዋ ኖርተን ከዚያን ቀን ጀምሮ የአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ንጉሠ ነገሥት መሆኑን፣ የየክፍለ አገሩም እንደራሴዎች በሚቀጥለው የካቲት ወር በፊቱ እንዲሰበሰቡ ማዘዙን የሚገልጽ ነበር። አዋጁን ጽፎ ወደ ጋዜጣው ቤት ያመጣው ራሱ ነው፤ አዘጋጁም አንባቢውን ሊያሥቅበት አስቦ አተመው። በዚያን ጊዜ በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ ነግሠው ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ሕዝቡ ስለ ባሪያ ንግድና ስለ ባርነት ተለያይቶ ሊዋጋ ጥቂት ቀርቶት ነበርና፣ ኖርተን አገሩ ከመፍረሱ በፊት አንድ የሚያዝዝ ሰው ያስፈልገዋል ብሎ ያምን ነበር። በወሩ ምክር ቤቱ ጉቦ ስለ በዛበት ፈርሷል ብሎ አወጀ። ምክር ቤቱ አልሰማውም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በስሙ ላይ የሜክሲኮ ጠባቂ የሚል ማዕረግ ጨመረ።

ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ኑሮው አንድ ዓይነት ነበር። የጦር መኮንኖች የሰጡትን ሰማያዊ የወታደር ልብስ ለብሶ፣ በትከሻው ላይ ወርቃማ ዘርፍ አድርጎ፣ ላባ የተሰካበት ረዥም ባርኔጣ ደፍቶ፣ ከዘራ ወይም ጃንጥላ ይዞ በየመንገዱ ይዞር ነበር። የእግረኛው መንገድ መበላሸቱን፣ የሕዝቡ ሠረገላ በሰዓቱ መምጣቱን ይመረምራል። ቀን ቀን ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ጋዜጣ ያነብባል፤ ቼዝም ይጫወታል። ማታ ማታ ሊቃውንት በሚናገሩበት ስብሰባ ላይ ይገኛል። ቅዳሜ ወደ አይሁድ ምኩራብ ይሄዳል፤ እሑድ ደግሞ አንዱ ሃይማኖት በሌላው እንዳይቀና እያለ ቤተ ክርስቲያኑን እየለዋወጠ ይሳለማል። ሌሊት ግን የሚያድረው ለአንድ ሌሊት 50 ሣንቲም በሚከፈልባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር።

ለኑሮው የሚሆነውን ገንዘብ የሚያገኘው ግብር ነው እያለ ከነጋዴዎችና ከወዳጆቹ ከሚቀበለው ጥቂት ሣንቲም ነው። በኋላም ከ50 ሣንቲም እስከ 10 ዶላር የሚያወጣ የራሱን ወረቀት አሳተመ፤ የመጀመሪያዎቹም በ1880 ዓ.ም. ከነወለዳቸው የሚከፈሉ ነበሩ። የከተማው ሰው እያወቀ ይገዛው ነበር። በ1870 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ ጸሐፊው የሥራው ዓይነት በሚጻፍበት ስፍራ ንጉሠ ነገሥት ብሎ መዘገበው። በዚያው መዝገብ ላይ አእምሮው የታወከ መሆኑም ተመልክቷል።

ይሁን እንጂ ከተማው ሁሉ በፍቅር ብቻ ያየው ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ብዙ ጋዜጦች እርሱ ያልጻፈውን አዋጅ በስሙ እየፈጠሩ ያትሙና ይሥቁበት፣ ገበያም ያደሩበት ነበር። በዚያ ዘመን በከተማው ሁለት የታወቁ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ነበሩ። አንድ ሠዓሊ ኖርተንን ከነዚህ ውሾች ጋራ ምግብ ሲሻማ አድርጎ ስለ ሣለው፣ እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ሰው ውሾቹ የእርሱ ይመስሉታል። የእርሱ ግን አልነበሩም።

ኖርተን በስሙ የሚወጣው ሐሰት ሲበዛበት እውነተኛ አዋጆቹ የሚወጡበትን ጋዜጣ ራሱ መረጠ። የመረጠውም በ1870 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በጥቁር አሜሪካውያን የሚዘጋጀውን ፓሲፊክ አፒል የተባለውን ጋዜጣ ነው። አዘጋጁ አልሣቀበትም፤ ለብዙ ዓመታት አዋጆቹን እንደ ጻፋቸው አተመለት።

ከአዋጆቹ አብዛኞቹ የሚያሥቁ ነበሩ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ቻይናውያን በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት በነጭ ላይ እንዳይመሰክሩ ሕግ ይከለክላቸው ነበርና፣ ምስክርነታቸው እንዲሰማ ያዘዘ እርሱ ነው። በ1872 ዓ.ም. ደግሞ ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ ወዳለው ወደ ኦክላንድ ከተማ በባሕሩ ላይ፣ በመካከል ባለችው ደሴት በኩል የሚያልፍ ድልድይ እንዲሠራ ደጋግሞ አዘዘ። ስለ ድልድይ ያሰበ እርሱ ብቻ አልነበረም፤ ቢሆንም ብዙው ሰው እንደ ሌሎቹ አዋጆቹ ሁሉ ሣቀበት። ያ ድልድይ በ1933 ዓ.ም. ተጀምሮ በኅዳር ወር 1936 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ፤ የሚያልፈውም በዚያችው ደሴት በኩል ነው።

የከተማው ሰው ልብ የታወቀው በ1867 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በጥር ወር አንድ የፖሊስ ረዳት ኖርተንን በመንገድ ላይ ይዞ አሰረው። መጀመሪያ ሥራ ፈት ነው ብሎ ከሰሰው፤ ኖርተን ግን የሚያድርበት ቤትም በኪሱም ጥቂት ገንዘብ ስለ ነበረው ክሱ አልሆነም። ከዚያ በኋላ እብድ ነውና ወደ እብዶች ቤት ይግባ አለ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ ተቆጣ። ሲሣለቁበት የነበሩት ጋዜጦች እንኳ ማንን በደለ፣ የማንን ገንዘብ ቀማ ብለው ጻፉ። የፖሊሶቹ አለቃ ሳይውል ሳያድር ፈታውና ይቅርታ ጠየቀው። ኖርተንም ቂም አልያዘም። ከዚያ ወዲህ ፖሊሶች በመንገድ ሲያገኙት የወታደር ሰላምታ ይሰጡት እንደ ነበር ይነገራል።

ጥር 8 ቀን 1880 ዓ.ም. ማታ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ እንደ ልማዱ የሊቃውንትን ንግግር ለመስማት ሲሄድ በካሊፎርኒያ ጎዳና ማዕዘን፣ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት በድንገት ወደቀ። አንድ ፖሊስ ደርሶ ሠረገላ አስጠራለት፤ ነገር ግን ሆስፒታል ሳይደርስ ነፍሱ ወጣች። የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶቹ የሚከፈሉበት ዓመት ያ ነበር። ኪሱ ሲፈተሽ የተገኘው ጥቂት ዶላር ብቻ ነው፤ በክፍሉም ከዘራዎቹ፣ ባርኔጣዎቹና ደብዳቤዎቹ ተገኙ። ከነዚያ በ50 ሣንቲም ከሸጣቸው ወረቀቶች በሰው እጅ የቀሩት ዛሬ በብዙ ሺሕ ዶላር ይሸጣሉ።

የከተማው ነጋዴዎች ማኅበር ገንዘብ አዋጥቶ በክብር አስገነዘው። ቀብሩ በተፈጸመበት በጥር 10 ቀን አስከሬኑን ለመሰናበት የመጣው ሕዝብ 10,000 ያህል እንደ ነበር ጋዜጦች ጻፉ። በዚያ ዓመት የከተማው ነዋሪ ከ230,000 ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ባለጠጋና ድኻ፣ ቄስና ኪስ አውላቂ በአንድ ሰልፍ ቆመው ተሰናበቱት። የመቃብሩ ስፍራ ለቤት መሥሪያ በተፈለገ ጊዜ በ1934 ዓ.ም. አፅሙ ከከተማው ውጭ ወዳለ ሌላ መቃብር ተዛወረ፤ በላዩም የንጉሠ ነገሥትነቱ ማዕረግ የተቀረጸበት ድንጋይ ቆመለት።

አሁን ይህን ሰው የመረጥሁበትን ምክንያት ልናገር። ወደ ትምህርት ቤታችን በሚወስደው መንገድ ላይ ቆርኪዎችን እንደ ኒሻን በደረቱ ላይ ደርድሮ፣ ለሚያልፈው መኪና ሁሉ የወታደር ሰላምታ የሚሰጥ አንድ ሽማግሌ እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ባለፈው ዓመት ፈተና በጨረስንበት ቀን እኔና ሦስት ጓደኞቼ ከኋላው መጥተን ቆርኪዎቹን ከነክራቸው በጥሰን ሮጥን። በጣም ሥቀን ነበር። ዞር ብዬ ሳየው አላሳደደንም፤ ድንጋይም አላነሣም። በእጁ ደረቱን እየዳበሰ ቆሞ ነበር። በዚያ ጊዜ መኪና ሲያልፍ ሰላምታ አልሰጠም።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲጀመር በስፍራው አጣሁት። ከመንገዱ ዳር ቆሎ የሚሸጡትን እናት ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ወዴት እንደ ሄደ አያውቁም፤ አንዳንድ ቀን ቆሎ ይሰጡት እንደ ነበር ግን ነገሩኝ። ስሙንም ጠየቅኋቸው፤ አላወቁትም። ጠባቂውም፣ የሱቁ ባለቤትም፣ ከዚያ በኋላ የጠየቅኋቸው ሁሉ አላወቁትም። ሁላችንም የምንጠራው እብዱ እያልን ነበር።

የሳን ፍራንሲስኮ ሰዎች ከእኛ የበለጠ ደጎች ነበሩ ለማለት አልደፍርም፤ እነርሱም ሥቀዋል፤ በቻይናውያንም ላይ ብዙ ግፍ ሠርተዋል። አንድ ሰው ግን በጎዳናቸው ላይ የራሱን ክብር ይዞ እንዲሄድ ተዉት፤ ሊወስዱት በመጡ ጊዜም ተዉት የእኛ ነው አሉ። ይህን ለማድረግ ሀብት አያስፈልግም፤ ዕውቀትም ብዙ አያስፈልግም። የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፣ በየሠፈራችሁ እንዲህ ያለ ሰው ብታገኙ ቢያንስ ስሙን ጠይቁት። መምህራንና ወላጆችም ታናናሾቻችን ድንጋይ ሲያነሡ ስታዩ እንድትገሥጹልን እለምናለሁ፤ እኛን የገሠጸን አልነበረም።

ቆርኪዎቹ እስከ ዛሬ በቤቴ አሉ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ፣ 14 ናቸው። ያን ሽማግሌ ያየ፣ ወይም ስሙን የሚያውቅ ከአንባቢዎች መካከል ቢኖር ለመጽሔቱ አዘጋጆች ቢነግርልኝ ወስጄ እመልስለታለሁ።