ኤድዋርድ አንግልና የፊት ጥርስ ሥር

ኤድዋርድ ሃርትሌይ አንግል እ.ኤ.አ. በ1855 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት ተወለዱ። በ1878 በጥርስ ሕክምና ተመረቁ። በ1899 የጥርስ አገጣጠም ጉድለቶችን በሦስት መደብ ከፈሉ፤ ይህም አከፋፈል ዛሬም ባለሙያዎች የሚገለገሉበት ነው። በ1900 ደግሞ በሴንት ሉዊስ ከተማ ለጥርስ ማስተካከል ሙያ የመጀመሪያ የሆነውን ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ለረጅም ዘመን የተፈታተናቸው የፊት ጥርስን በወጉ ማንቀሳቀስ ነበር። የጥርስ የመቋቋም ማዕከል የሚገኘው በአጥንት ውስጥ በተቀበረው ሥር ላይ ሲሆን፣ ሽቦ የሚታሰረው ግን ከድድ ውጭ በሚታየው ክፍል ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ የተሳበ የፊት ጥርስ ጫፉ ይጋደማል እንጂ ሥሩ አብሮ አይሄድም። የአንግል የመጀመሪያው ቅስት ሽቦ ከማጋደም አላለፈም፤ ተከታዮቹም ወይ ለሥራ አስቸገሩ፣ ወይ ሥሩን በሚገባ አልገዙም።

መፍትሔውን ያስተዋወቁት በ1928፣ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። በአዲሱ መሣሪያ አራት ማዕዘን ያለው ሽቦ በጠባብ ጎኑ በኩል አራት ማዕዘን ባለው ቦይ ውስጥ ይገባል። የተጠመዘዘው ሽቦ ወደ ቅርጹ ለመመለስ ሲታገል የቦዩን ግድግዳዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይገፋል፤ ያን ጊዜ ሥሩም ይንቀሳቀሳል። አንግል ከሁለት ዓመት በኋላ በ1930 አረፉ።

ጥርስ ለማስተካከል ተብሎ ጤነኛ ጥርስ እንዳይነቀል አጥብቀው ያስተምሩ ነበር። ደቀ መዝሙራቸው ቻርልስ ትዊድ ግን በዚሁ ትምህርት ካከሟቸው ሰዎች የብዙዎቹ የፊት ጥርሶች ወደ ፊት ተገፍተው ስላዩ፣ ከክራንቻ ቀጥሎ ያሉትን ጥርሶች ነቅለው እንደገና አከሟቸው። የመምህራቸውን ትምህርት ቢተዉም፣ ክፍተቱን የዘጉት በመምህራቸው መሣሪያ ነበር።