ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ የተማሩትን ለወጣቶች ያወረሱ ባለሙያ

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በምዕራባዊ የሕክምና ሙያ የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተብለው ይታወቃሉ። ለአገራቸው ካበረከቷቸው አገልግሎቶች መካከል ወጣቶችን በትምህርት ለማብቃት ያደረጉት ጥረት ጉልህ ስፍራ ይይዛል።

በጎንደር የተወለዱት ሐኪም ወርቅነህ ከቤተሰባቸው የተለያዩት ገና ሕፃን ሳሉ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በተሠዉበት አምባ ያለ ጠባቂ ተገኙ። እንግሊዛውያን መኮንኖች ወደ ሕንድ ወሰዷቸው፤ ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስማቸውም ከእነዚሁ መኮንኖች የመጣ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ላሆር ከተማ በሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ገብተው ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ተመረቁ። በስኮትላንድ ትምህርታቸውን አጠናክረውም በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ።

ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ መጡ። አያታቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረ ጠባሳ ለይተው አወቋቸው። ሐኪሙ ግን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ረስተውት ስለነበር ከዘመዶቻቸው ጋር ለመነጋገር አስተርጓሚ አስፈለጋቸው። አማርኛን እንደገና ተምረውም ከጊዜ በኋላ ለተማሪዎች የሚሆን የጂኦግራፊ መጽሐፍ በዚሁ ቋንቋ ለማዘጋጀት በቁ።

ሐኪም ወርቅነህ የአንድ ሐኪም እጅ ለአገር እንደማይበቃ ተገንዝበው ፊታቸውን ወደ ትምህርት አዞሩ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ። ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡ በርካታ ወጣቶች በኋላ ዘመን በመንግሥት ከፍተኛ ኃላፊነቶች አገልግለዋል። ከባርነት ነፃ የወጡ ልጆችም የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዲኖር ደክመዋል። በ1920 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ መውጫ ሊሠራ ስለታሰበው ግድብ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ሲላኩ፣ በኒው ዮርክ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋብዘዋል።

የጨርጨር ገዥ ሆነው በተሾሙ ጊዜም ይህንኑ ዓላማ በአስተዳደር ሥራ ተረጎሙት። መቀመጫቸውን አሰበ ተፈሪ አድርገው ጨርጨር ለሌሎች ግዛቶች በአርአያነት እንዲታይ መንገድ በማሠራትና አስተዳደሩን በማሻሻል ደከሙ። መንገድ፣ ትምህርትና መልካም አስተዳደር ተደጋግፈው ካልሄዱ ልማት ጸንቶ እንደማይቆይ ሥራቸው ይመሰክራል።

የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ በመጣ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው የአገራቸውን ጉዳይ ለዓለም ያሰሙ ነበር። በእንግሊዝ አገር ምህንድስና የተማሩት ሁለት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ግን በኢትዮጵያ ነበሩ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ወራሪው ጦር የተማሩ ወጣቶችን እያደነ ሲፈጅ እነርሱም ተገደሉ። አባት ሁለት ልጆቹን ሲያጣ፣ አገርም በብዙ ድካም ያፈራቻቸውን ባለሙያዎች አጣች። በዚያ ዘመን የጠፋውን የተማረ ትውልድ ለመተካት ሥራው ከነፃነት በኋላ እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት።

ሐኪም ወርቅነህ ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አረፉ። አንድ ወላጅ አልባ ሕፃን ያገኘው የትምህርት ዕድል ለሕሙማን ፈውስ፣ ለወጣቶች ዕውቀት፣ ለአገርም የልማት መሠረት ሊሆን እንደሚችል ሕይወታቸው ያሳያል። ትምህርት ዘላቂ ልማትን የሚያስገኘው የተማረው ሰው ያወቀውን ለተከታዩ ትውልድ ሲያስተላልፍ፣ ያ ትውልድም በሰላም የሚሠራበት አገር ሲኖረው ነው።