ራስ መኮንን፦ ከበር ጠባቂ እስከ ስልክ ሽቦ

የሐረር ጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች ያሉት ሲሆን፣ በሰሜን በኩል የሚገኘው ፈላና በር ከእነዚህ አንዱ ነው። በአሚሮቹ ዘመን በሮቹ ሲመሽ ተዘግተው ቁልፎቹ ለአሚሩ ይመለሱ ነበር፤ ገቢው እንግዳም መሣሪያውን ለበር ጠባቂው አስረክቦ ያልፍ ነበር። ዛሬ በዚሁ በር አካባቢ የሸመተውን ዕቃ ሒሳብ በእጅ ስልኩ የሚከፍል ነዋሪ ማየት የተለመደ ነው። ሐረር ወደዚህ ዘመን ባደረገችው ጉዞ ውስጥ የራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል ስም በጉልህ ይነሣል።

ራስ መኮንን በ1844 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል፣ እናታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ነበሩ። ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በ1879 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሐረርን እንዲያስተዳድሩ ሾሟቸው።

ከተማይቱ ቀድሞም የራሷን ገንዘብ ታትም የነበረች የንግድ ማዕከል ናት። በ1885 ዓ.ም. ማሃለቅ የተሰኘው አነስተኛ የብር ገንዘብ በምኒልክ ስም በሐረር ተቀረጸ። ሻጭና ገዥ ብሩን በየጊዜው ሳይመዝኑ የሚገበያዩት በላዩ ያለውን ምልክት በማመን ነበር።

መኮንን በ1881 ዓ.ም. የምኒልክ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጣሊያን ሄደው ነበር። ሲመለሱ ይዘዋቸው ከመጡት ዕቃዎች መካከል ስልክ እንደነበረና መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱን ከግምጃ ቤቱ ጋር እንዳገናኘ በታሪክ ይነገራል። በ1880ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ሥራ ተጀመረ።

የዚያ ዘመን ስልክ አሠራር ቀላል ነበር። ተናጋሪው እጀታውን ሲያሽከረክር በሌላው ጫፍ ደወል ይጮኻል። ድምፁ በማናገሪያው ውስጥ ያለውን የከሰል ፍርፋሪ ያንቀጠቅጠዋል፤ ከባትሪ የሚመጣው ኤሌክትሪክም በዚያው ልክ እየጠነከረና እየላላ በሽቦው ይጓዛል፤ በማዳመጫው ዘንድ ተመልሶ ድምፅ ይሆናል። ይሁን እንጂ ርቀቱ ሲበዛ ድምፁ ይደክማል። ስለዚህ በመንገዱ ባሉ ጣቢያዎች የተመደቡ ስልከኞች መልእክቱን ሰምተው ለቀጣዩ ጣቢያ ይደግሙት ነበር። የሲራራ ነጋዴ ሳምንታት የሚጓዘውን መንገድ ቃል በአንድ ቀን ሊያልፈው ቻለ። ስልከኛው ቃሉን ቢያዛባ ወይም ምስጢሩን ቢያወጣ ግን ሽቦው ብቻውን ዋስትና አልነበረም፤ መስመሩ የቆመው በስልከኛው አደራ ጠባቂነትም ጭምር ነበር።

ራስ መኮንን በ1888 ዓ.ም. በአምባላጌና በዐድዋ ዘመቱ፤ በ1894 ዓ.ም. ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ተላኩ። በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ቆይቶም በሐረር ቅርንጫፍ አቋቋመ። እርሳቸው ግን ይህን አላዩም፤ በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ዐረፉ። መቃብራቸው በሐረር ይገኛል። ልጃቸው ተፈሪ መኮንን በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ።

ዛሬ የስልከኛውን ሥራ መሣሪያ ተክቶታል። ክፍያ ስንፈጽም ትእዛዙ ተመስጥሮ ወደ ተቋሙ ኮምፒውተር ይደርሳል፤ ኮምፒውተሩም የምሥጢር ቁጥራችንን አመሳክሮ ከአንዱ ሒሳብ ቀንሶ በሌላው ይጨምራል። በሩን የሚከፍተው ቁልፍ ያ ቁጥር ነው። የሐረር በሮች ቁልፍ ለማንም እንዳልተሰጠ ሁሉ፣ ተገልጋዮችም የምሥጢር ቁጥራቸውን በስልክ ለሚጠይቃቸው ማንኛውም ሰው፣ የተቋም ሠራተኛ ነኝ ቢል እንኳ፣ ሊሰጡ አይገባም። ቁጥሩ በሌላ እጅ እንደገባ የተጠራጠረ ሰውም ሳይዘገይ ቀይሮ ሒሳቡ ለሚገኝበት ተቋም ማሳወቅ ይኖርበታል።