ጠብታን ሳያይ የመረመረው ሊቅ

በሰበታም ሆነ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ የቧንቧ ውሃ በጥቂቱ ብቻ ቢከፈት፣ ውሃው ከቧንቧው አፍ እንደ ብርጭቆ ዘንግ ጥርት ብሎ ይወርዳል። ዝቅ ሲል ግን ዘንጉ ይበጣጠስና እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተነጣጥሎ ይንጠባጠባል። ይህን ያላየ ሰው የለም። ምክንያቱን ጠንቅቆ የመረመረው ግን ሁለት ዓይኖቹ የጠፉ የቤልጅግ አገር ሊቅ ነው። ስሙ ዦዜፍ ፕላቶ ይባላል፤ የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ ሞክሼ ይምሰል እንጂ ዝምድና የለውም።

ፕላቶ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1801 ዓ.ም. በብራስልስ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የአበባ ሥዕል ሠዓሊ ስለ ነበረ ልጁም ያንኑ ሙያ እንዲይዝለት ይመኝ ነበር። ነገር ግን ልጁ ገና በ14 ዓመቱ ወላጆቹን አጥቶ በዘመድ እጅ አደገ። በ1829 ከሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ፤ በ1835 ደግሞ በጌንት ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። በመካከሉም በ1832፣ ክብ ሰሌዳ ላይ የተሣሉ ሥዕሎች ሲሽከረከሩ በሕይወት ያሉ መስለው የሚንቀሳቀሱበትን መሣሪያ ስለ ፈለሰፈ፣ የሲኒማ ታሪክ ሲተረክ ስሙ ሳይነሣ አይታለፍም።

ይኸው ሰው በ1829 የዓይንን ጠባይ ሲመረምር ፀሐይን ከ20 ሰከንድ በላይ ትክ ብሎ ተመልክቶ ነበር። ብዙዎች ዕውርነቱ ከዚህ የመጣ ነው እያሉ ይተርካሉ። በኋላ ዘመን የሕመሙን ታሪክ ያጠኑ ሐኪሞች ግን ምክንያቱ የዓይን ውስጥ ብግነት ነው ይላሉ፤ ታሪክ ስላማረ ብቻ እውነት አይሆንምና እኛም የሐኪሞቹን ቃል እንመርጣለን። ያም ሆነ ይህ በ1843 ብርሃን ፈጽሞ ተለየው።

ሌላ ሰው ቢሆን ማስተማሩን ትቶ ቤቱ ይቀመጥ ነበር። ፕላቶ ግን ዋና ሥራውን የሠራው ከዚህ በኋላ ነው። ሙከራውን በሐሳቡ ያቅዳል፤ ልጁ፣ አማቹና የሥራ ባልደረቦቹ በእጃቸው ይፈጽማሉ፤ እሱም ያዩትን አንድ በአንድ እየጠየቀ ያስጽፋል። ውሃና አልኮል አመጣጥኖ ቀላቅሎ ዘይት ቢጨምሩበት ዘይቱ ሳይሰጥምና ሳይንሳፈፍ በመካከል ድብልብል ሆኖ ይቆማል። ይህን ዘይት በሁለት ክብ ሽቦዎች መካከል እንደ ዘንግ ሲያስለጥጡት አንድ ወሰን ተገኘ፤ የዘንጉ ርዝመት ከዙሪያው ልክ ካለፈ፣ ማለትም ከውፍረቱ ከሦስት እጥፍ ጥቂት ከበለጠ፣ ዘንጉ ራሱን ችሎ መቆም አይችልም። የፈሳሽ ገጽ እንደ ተወጠረ ቆዳ ራሱን ስለሚሰበስብ በአንድ በኩል ያብጣል፣ በሌላው ይሰረጉዳል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። ፕላቶ ይህንና ሌላውን ጥናቱን በ1873 በሁለት ቅጽ አሳተመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሌ በሒሳብ ሲያሰላው፣ ቀጭን ፈሳሽ ከውፍረቱ አራት እጥፍ ተኩል ያህል እየተቆረጠ እንደሚበጠስ፣ ጠብታውም የክሩን ውፍረት ሁለት እጥፍ ሊሆን ጥቂት እንደሚቀረው አስረዳ።

ይህ ነገር ለክኒን ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ይኖራል። ከ1950ዎቹ ወዲህ ብዙ ክኒን የሚለብሰው የቀድሞውን ወፍራም የስኳር ሽፋን ሳይሆን እንደ ወረቀት የሳሳ ልባስ ነው። ክኒኖቹ በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ሲገለባበጡ፣ መርጫው በታመቀ አየር የልባሱን ፈሳሽ እየሰነጣጠቀ እንደ ጉም ያርከፈክፍባቸዋል፤ ሞቃት አየርም ያደርቀዋል። ልባሱ መራራነትን ይደብቃል፣ እርጥበትን ይከላከላል፤ አንዳንዱም መድኃኒቱ በጨጓራ አሲድ ሳይበላሽ አንጀት እንዲደርስ ያደርጋል።

እንግዲህ ሥራው ሁሉ በጠብታው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጠብታው ክኒኑ ላይ አርፎ መንጠፍ፣ ከጎረቤቱ ጋር መጋጠም፣ ከዚያም መድረቅ አለበት። ከመጠን በላይ ከተለቀ ክኒኑ ይረጥብና እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሲላቀቅም ልባሱ ይገሸለጣል። ከመጠን በላይ ካነሰ በአየር ላይ ደርቆ ዱቄት ሆኖ ይደርሳል፣ ገጹም እንደ ሎሚ ልጣጭ ይሻክራል። ለጨጓራ አሲድ በተሠራ ልባስ ላይ አንዲት የሳሳች ቦታ ከተገኘች መድኃኒቱ ያለ ቦታው ይፈስሳል፤ በሽተኛውም መድኃኒት ወሰድሁ ብሎ ባዶውን ይቀራል። ፈሳሹ ሲወፍር ወይም በብዛት ሲለቀቅ ጠብታው ይተልቃል፤ የመርጫው አየር ሲበረታ ያንሳል። መርጫው ከክኒኑ በራቀ ቁጥር ጠብታው መንገድ ላይ የመድረቅ ዕድሉ ይጨምራል። አንዱን ለማቃናት ሲነኩት ሌላው ስለሚዛባ፣ ትዕግሥት የሌለው ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ሦስት ከተሞች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አላቸው። ሁሉም ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ሱሉልታማ ከ2500 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የማድረቂያው ማራገቢያ ያንኑ መጠን አየር ቢነፍስም አየሩ ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል፤ በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ይጨመርበታል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ፋብሪካ ተሞክሮ በመመሪያ መጽሐፍ የታተመ ቁጥር ሱሉልታ ላይ እንዳለ አይሠራም። የርጭቱም፣ የሙቀቱም፣ የነፋሱም ልክ እዚሁ ተፈትኖ እንደገና መወሰን አለበት።

ፕላቶ በ1883 በጌንት አረፈ። ክኒን በስስ ልባስ ሲሸፈን አልደረሰበትም፤ ቢደርስበትም በዓይኑ አያየውም ነበር። ሰበታ ላይ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት እንዳለ አንባቢ ያውቃል። የፕላቶን ግኝት ለማወቅ ዓይን የግድ አያስፈልግም፤ የቧንቧውን ውሃ በቀጭኑ ለቅቆ ከሥሩ ወረቀት መያዝ ይበቃል። ወረቀቱ ከቧንቧው አፍ አጠገብ ሲሆን ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ይፈስበታል፤ ወረቀቱን ቀስ እያሉ ዝቅ ሲያደርጉት ግን ክሩ ከተበጠሰበት ቦታ ጀምሮ ጠብ ጠብ ማለቱ ይሰማል።